ወዳጅ ከተባልኩ ለምን አይነገረኝም?

የሌሊት ጥበቃ (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ተረኛ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ የስልኬ ባትሪ ካልከዳኝ ጊዜ አለኝ።

የምጠብቀው ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ያለ አንድ መጋዘን ነው። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቱ የራሴ አይደለም፣ ተከራይ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካን ማውጣት የኔ ድርሻ ነው። (ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።)

ከፋሲካ በኋላ ሰፈራችን ባለው ቤተ ክርስቲያን የማታ ጉባኤ ነበር። እረፍት ስለነበርኩ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሰባኪው ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን አነበበ። «ከእንግዲህ ወዲህ ባሮች አልላችሁም፤ ባርያ ጌታው የሚያደርገውን አያውቅምና፤ ወዳጆች ግን ብያችኋለሁ፥ ከአባቴ የሰማሁትን ሁሉ ለእናንተ አስታውቄአችኋለሁና።» ሰው እልል አለ። ባለቤቴም እልል አለች። እኔ «አያውቅምና» የምትለዋ ላይ ቀረሁ።

እሷን በደንብ አውቃታለሁ። የጥበቃ ሥራ ማለት እሷ ናት። አለቃ ይደውላል። «ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አይሱዙ ይመጣል፣ ክፈትለት» ይለኛል። ምን እንደጫነ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ሰዓቱንና ታርጋውን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ሹፌሩን አስፈርማለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። በማግስቱ ደግሞ «ዛሬ የትኛውም መኪና እንዳይገባ» ይባላል። ለምን? ለምን የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ሰሞን ከኔ ጋር የሚፈራረቀው ልጅ ጠዋት ሊረከበኝ ሲመጣ፣ ካፖርቱንና ቁልፉን እዚያው በር ላይ አስረክብ ተባለ። ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ጠየቅኩ። «አንተን አይመለከትህም» ተባልኩ። በነሱ ቤት ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ክርስቶስ እኔን ወዳጅ ካለኝ፣ ምንድን ነው የነገረኝ?

ትልቋ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ጠበል እንወስዳታለን። ጤና ጣቢያ ያዘዙላትን ፌኖባርቢታልም ትወስዳለች። ይሻላታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ስትወድቅ ጭንቅላቷን እንዳትመታ ደግፌ ይዤ «ለምን?» እላለሁ። ለምን እሷ? እስከ መቼ? ማንም አልነገረኝም። «ሁሉን አስታውቄአችኋለሁ» ሲል ይሄ «ሁሉ» የቱ ነው? በዚህ ጉዳይ እኔ አሁንም በር ላይ ነኝ፣ ታርጋ እየጻፍኩ።

ሌላም አለ። እዚያው ከፍ ብሎ «እኔ ያዘዝኋችሁን ሁሉ ብታደርጉ እናንተ ወዳጆቼ ናችሁ» ይላል። ወዳጅ ያዛል እንዴ? እኔ ወዳጄን «ና ቡና እንጠጣ» ነው የምለው።

ለመዳፈር አይደለም የምጠይቀው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእግዚአብሔር ባርያ መሆን አይከብደኝም። እንዲያውም ይቀለኛል። ባርያ ማብራሪያ አይጠብቅም። እኔ መጠበቅ የጀመርኩት ወዳጅ ሲሉኝ ነው።

የምታውቁ ብትመልሱልኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ መልስ ካላችሁ ግን ከየትም ሁኑ።

ልጅ (ለገጣፎ)

ጋሼ አያካብዱት። ጌታ ጓደኛ ነው፣ በቃ። እኔ ሃይገር ውስጥ ሆኜ አወራዋለሁ፣ ሥራ ቦታ አወራዋለሁ፣ ጨጓራዬን ሲያመኝ አወራዋለሁ። ፎርማሊቲ የለም። ባርያ ምናምን የድሮ ነገር ነው። ለልጅዎ ዛሬ ማታ እጸልያለሁ፣ የእውነት።

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

ወንድሜ የሌሊት ጥበቃ፣ አስቀድሞ ልጅህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ለገጣፎ ላለው ልጄ አንድ ነገር ብዬ ወደ አንተ እመለሳለሁ። ከጌታ ጋር መነጋገርህ ደግ ነው፣ ሃይገር ውስጥም ቢሆን። «ፎርማሊቲ የለም» ያልከው ላይ ግን ቆም በል። በመጨረሻው እራት ማታ ጌታ ደረት ላይ የተጠጋው ዮሐንስ ነው (ዮሐ 13፥25)። ይኸው ዮሐንስ በኋላ በፍጥሞ ደሴት ጌታን በክብሩ አየው። ምን ሆነ? «ባየሁትም ጊዜ እንደ ሞተ ሰው ሆኜ ከእግሩ በታች ወደቅሁ» ይላል (ራእ 1፥17)። ከዮሐንስ የበለጠ ቅርብ ወዳጅ ከየት ይመጣል? ግን ወደቀ። ጌታም ቀኝ እጁን ጫነበትና «አትፍራ» አለው። ቅርበቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ነው ያሉት። ታክሲ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ እንደ ትምህርት አትውሰድ።

አሁን ወደ አንተ። ያ ቃል የተነገረበትን ማታ ታውቀዋለህ። ጸሎተ ሐሙስ እንላለን፣ ሕጽበተ ሐሙስ እንላለን፣ የምስጢር ቀንም እንላለን። ሌላው ስሙ የነጻነት ሐሙስ ነው፤ አባቶች ይሄን ስም ሲያብራሩ የሚጠቅሱት አንተ የጠቀስከውን ቃል ነው። ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥብ አይተሃል። ጉልባኑንም ቤትህ በልተሃል። እንግዲህ የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውል። መጀመሪያ ምዕራፍ 13 ላይ እግራቸውን አጠበ። እግር ማጠብ የባርያ ሥራ ነበር፤ ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ የተንገራገረውም ለዚህ ነው። ጌታው የባርያውን ሥራ ሠርቶ ጨረሰ። «ባሮች አልላችሁም» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲሁ በአፍ የተሰጠ ሹመት አይደለም።

ያዛል ወይ ላልከው፣ አዎ ያዛል። ግን ያዘዘውን እየው። ረጅም ዝርዝር የለውም። ቁጥር 12 ላይ «እኔ እንደ ወደድኋችሁ እርስ በርሳችሁ ትዋደዱ ዘንድ ትእዛዜ ይህች ናት» ይላል። ቁጥር 17 ላይ ይደግመዋል። በዚያ ክፍል ትእዛዝ ብሎ የሰየመው ይሄንኑ ነው። ለምን እንዳዘዘም ተናግሯል፤ አብ እኔን እንደ ወደደኝ እኔም ወደድኋችሁ፣ በፍቅሬ ኑሩ፣ ደስታችሁ ይፈጸም ዘንድ ነው የምነግራችሁ ይላል (ከቁጥር 9 እስከ 11)። አለቃህ ለምን እንደሆነ ሳይነግር ያዝሃል። ክርስቶስ ለምን እንደሆነ ነግሮ ያዛል። መታዘዝ አልቀረም፤ የቀረው ሳያውቁ መታዘዝ ነው።

ባርያ መባል ይቀለኛል ላልከው ደግሞ ማንም አይከለክልህም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ራሱን «የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሙሴንም ዘኍልቍ 12 ላይ «ባሪያዬ ሙሴ» ይለዋል። ዘጸአት 33፥11 ደግሞ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንደሚነጋገር ፊት ለፊት ይነጋገረው ነበር ይላል። ያው አንድ ሙሴ ነው። የኔም የክርስትና ስም ገብረ ሥላሴ ነው፤ ልቀይረው አላሰብኩም።

ዋናው ጥያቄህ ግን የልጅህ ነው። እሱን በችኮላ አልመልስም። ዛሬ ለቅሶ ቤት ልሄድ ነው፣ ነገ እጽፋለሁ።

ሲስተር (ጀሞ)

ወንድሜ፣ ከመንፈሳዊው በፊት የሙያዬን ላስቀድም። ነርስ ነኝ። ጠበል ቢወስዷትም ክኒኑን በምንም ምክንያት በድንገት እንዳታቋርጡባት። ሲቋረጥ የሚመጣው ማንቀጥቀጥ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ አላሉላት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት እዩ። ክብሪት አታሽትቷት። አፏ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና። በክኒኑም እየተመላለሰ ከሆነ ሪፈር ጠይቁ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ መታየት አለበት።

አሁን ስለ ጥያቄህ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ከመምህር ጋር በብዙ ነገር ላንስማማ እንችላለን። ስለ ማዘዙ የጻፉት ግን ልቤ ላይ ቀርቷል።

አንተ ስትጽፍ እኔ የአልዓዛር ቤት ትዝ አለኝ። ዮሐንስ 11። ጌታ በአፉ «ወዳጃችን አልዓዛር» ያለው ሰው ነው። እህቶቹ ምን ብለው ላኩበት? «ጌታ ሆይ፥ እነሆ የምትወደው ታሞአል።» ሌላ አልጨመሩም። ቶሎ ና እንኳ አላሉም። ወዳጅ ለወዳጅ እንዲህ ነው የሚልከው፣ አይደል? እሱስ? ሰምቶ በነበረበት ስፍራ ሁለት ቀን ዋለ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ወጥታ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ማርያምም ያንኑ ደገመችው። ሁለቱም ነገሩት። ማንንም አልገሠጸም።

ለምን እንደዘገየ ለደቀ መዛሙርቱ ከመነሣታቸው በፊት ነግሯቸዋል። ለእህቶቹ ግን «ሁለት ቀን የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው» ሲል አላነበብኩም። ማርታን «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» አላት። ከማርያም ጋር አለቀሰ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ወዳጅ የተባለ ቤትም አልተነገረውም፤ ደግሞም ወዳጅ ነበር። ሁለቱ ይጣላሉ ብለህ አትደምድም።

በእኛም ቤት እምነት ስለጎደለህ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚልህ ቢመጣ አትስማው። ዎርድ ውስጥ እንዲህ እየተባሉ የሚያለቅሱ እናቶች አይቻለሁ፣ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ቢልም። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም አሥራ አምስት ምዕራፍ ያህል ነው የምትርቀው፣ በዛሬው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። የከተማ ዳር ናት። በሕማማቱ ሳምንት ቀን መቅደስ አስተምሮ ሲመሽ ከከተማ ወጥቶ ቢታንያ ነበር የሚያድረው (ማቴ 21፥17)። ወዳጆቹ የነበሩት እዚያ ዳር ላይ ነው። እኛ ጀሞና ኮዬ ፈጬ ያለን ሰዎች ይሄ ደስ ሊለን ይገባል።

የአያት ሰው

ሁላችሁም «ብታደርጉ» የምትለዋን ዘላችኋታል። ቅድመ ሁኔታ ናት። ካላደረግክ ወዳጅ አይደለህም። ማስፈራራት አይምሰላችሁ፣ የተጻፈውን ነው የምናገረው። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ውል ላይ «ከሆነ» የሚል ቃል ሲገባ ትርጉም አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችንን እንመርምር።

ሲስተር (ጀሞ)

ወንድሜ፣ መመርመሩ ጥሩ ነው። ግን ቁጥር 16ን አብረህ አንብብ። «እኔ መረጥኋችሁ እንጂ እናንተ አልመረጣችሁኝም።» ሮሜ 5፥10 ደግሞ ጠላቶች ሳለን ታረቅን ይላል። ጠላት ሆኖ ሳለ የተሞተለት ሰው ውል ፈርሞ አልገባም። መታዘዙ ወዳጅ መሆናችን የሚታይበት ነው እንጂ የምንገዛበት አይመስለኝም። ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው። «ውሉ ፈርሷል» አላለውም።

የአያት ሰው

ይሁዳስ?

ሲስተር (ጀሞ)

ይሁዳ ያ ቃል ሲነገር አልነበረም። ምዕራፍ 13፥30 ላይ ወጥቷል። ግን ሊያስይዘው ሲመጣ ጌታ ምን አለው? «ወዳጄ ሆይ፥ ለምን ነገር መጣህ?» (ማቴ 26፥50)። በር የዘጋው ጌታ አልነበረም።

የአያት ሰው

እሺ። በሙሉ አልተስማማሁም። ይሁዳ ተጠራ እንጂ ወዳጅ ሆኖ አልቀረም። ግን አሰብበታለሁ።

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ። የሲስተርን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ስለ አልዓዛር ያለችው ከምለው ጋር ይገጥማል።

ወንድሜ፣ አብርሃምን ልውሰድ። በመጽሐፍ የእግዚአብሔር ወዳጅ ተብሎ የተጻፈለት እሱ ነው፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 20፥7፣ ኢሳይያስ 41፥8፣ ያዕቆብ 2፥23። ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፣ እነሱም ኢብራሂምን ኸሊል ይሉታል፣ የአላህ ወዳጅ ማለታቸው ነው። ታዲያ ይሄ ወዳጅ ምን ተነገረው?

ዘፍጥረት 18 ላይ እግዚአብሔር «እኔ የማደርገውን ከአብርሃም እሰውራለሁን?» አለ። አንተ የምትፈልገው ቃል ይሄ ነው፣ አይደለም እንዴ? ከዚያም የሰዶምን ነገር ነገረው። እንግዲህ ልብ በል። የተነገረው ስለ ራሱ ቤት አልነበረም። ስለ ሌላ ከተማ ነው፣ ያውም ስለ ክፉ ከተማ። አብርሃምም ሰምቶ ዝም አላለም። ቆሞ ተከራከረ። 50 ጻድቃን ቢገኙ? 45ስ? 40ስ? 30? 20? 10 ድረስ አወረደው። እኛ ገበያ በግ ስንገዛ እንኳ እንደዚያ አንከራከርም።

አራት ምዕራፍ እለፍ። ዘፍጥረት 22። «ልጅህን ይዘህ ወደ ሞሪያ ሂድ» ተባለ። ለምን እንደሆነ ተነገረው? አልተነገረውም። አንድ ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን ቦታውን ከሩቅ አየ። ልጁ «የመሥዋዕቱ በግ ወዴት ነው?» ሲለው አባትየው ያለው «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ብቻ ነው።

ያው አንድ ወዳጅ ነው። ስለ ሰዶም ተነገረው፣ ስለ ገዛ ልጁ አልተነገረውም። እኔ ይሄን ለብዙ ዘመን ሳነብ አስቸግሮኛል፣ አሁንም ያስቸግረኛል። ግን ክርስቶስ «ከአባቴ የሰማሁትን ሁሉ» ሲል እንዲህ ይመስለኛል። አብ ዓለሙን እንዴት እንደወደደ፣ ልጁን ለምን እንደላከ፣ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ፣ ከአንተ ምን እንደሚፈልግ። ይሄ ሁሉ ተነግሮሃል። አንድም አልተደበቀም። የእያንዳንዱ ቀን ምክንያት ግን በዚያ ውስጥ የለም። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ከትንሣኤ በኋላ «መንግሥትን በዚህ ወራት ትመልሳለህን?» ብለው ቢጠይቁት ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም ነው ያላቸው (ሐዋ 1፥7)። ወዳጆች ተብለው ያበቁ ሰዎች ናቸው።

ሌላም አለ። አንተ «ወዳጅ» ሲልህ ለብቻህ የሰማኸው ይመስላል። «ወዳጆቼ» ነው ያለው። አሥራ አንድ ሆነው ነው የሰሙት። በመካከላቸው ቀራጭ የነበረው ማቴዎስ አለ፤ ቀናተኛው ስምዖንም አለ። ያ ቀራጭ ለሮም ላደረ ገዢ ቀረጥ ሲያስከፍል የኖረ ነው፤ ቀናተኛ የሚባሉት ደግሞ የሮምን ስም መስማት የማይወዱ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በራሳቸው ምርጫ አንድ ማዕድ ላይ አይቀመጡም ነበር። የክርስቶስ ወዳጅ ስትሆን የእሱንም ወዳጆች አብረህ ነው የምትወርሰው። ካነሳኸው አይቀር፣ ያ የተባረረው ልጅ አሁን የት ነው?

የሌሊት ጥበቃ (ኮዬ ፈጬ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ክብሪት ጎረቤቶች ያሸትቷት ነበር፤ ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ፣ ከእንግዲህ አይደረግም። ሪፈሩንም በዚህ ሳምንት እጠይቃለሁ።

የአልዓዛርን ቤት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን» የምትለዋን ሁለቱም እህትማማቾች ማለታቸውን እስከዛሬ ልብ አላልኩም። ቤት ውስጥ አራት ቀን ሙሉ ሲባባሉት የከረሙት ይመስለኛል። እኔና ባለቤቴም እንደዚያው ነን፤ እኔ የማስበውን እሷ ትናገረዋለች።

ጋሼ መምህር፣ የሰዶምና የሞሪያ ነገር ሰሞኑን ከራሴ አልወጣም። ግን ልክራከርዎ፣ ተቆጡም አይቆጡም። ሞሪያ ላይ በጉ ተገኝቷል። ቀና ሲል ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። የኔ ገና ነው። አብርሃም ከተራራው ሲወርድ ገብቶት ወርዷል። እኔ ተራራው ላይ ሆኜ ነው «አብርሃምም አልተነገረውም» የምባለው። ትንሽ ያጽናናል እንጂ ጥያቄዬ አያልቅም። ይሄን በመጻፌ ቅር አይበልዎ።

ሳያውቁ መታዘዝና አውቆ መታዘዝ ያሉት ግን ገብቶኛል። ከሁሉም የገባኝ እሱ ነው። ሌሊት በር ላይ ሆኜ አስቤበታለሁ። አለቃዬ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ለምን እንደሚከማች፣ ለማን እንደሚሄድ ቢነግረኝ አሁንም ያው በር ነው የምጠብቀው። ደመወዙም ያው ነው። ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነበር የምጠብቀው።

ልጁ ያሉት፣ ገላን አካባቢ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይዟል። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። የመጨረሻ ወሩን ደመወዝ እስካሁን አልተቀበለም። አብርሃም ለሰዶም ተከራከረ ብለው ሲጽፉ፣ ጋሼ፣ ወዴት ሊወስዱኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ብናገርለት ደስ ይለኛል። ግን እንጀራዬ እዚያ ነው፣ ክኒኑም የሚገዛው ከዚያ ነው። አብርሃምን ማንም ከሥራ አያባርረውም።

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

አልቆጣም። ያልከው ልክ ነው፤ በጉ የተገኘለት ሰው ታሪክ ላልተገኘለት ሙሉ መልስ አይሆንም። ወዳጅ ስለሆንክ ነው ይሄን የምታነሳው። ባርያማ አይከራከርም ነበር።

ስለ ልጁ በራስህ ላይ አደጋ ጣል አልልህም። ብልሃት ይፈልጋል።

የአያት ሰው

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ ሙያዬ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚባል አለ። አሠሪ ሠራተኛን ሲያሰናብት ምክንያቱን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። በቃል «ነገ አትምጣ» ብሎ ነገር የለም። የሠራበት ደመወዝም ይከፈለዋል። መጠየቅ ያለበት ራሱ ልጁ ነው፣ አንተ አይደለህም፤ ስለዚህ አንተ ሥራህ ላይ ቆይ። ልጁ መታወቂያውንና ደመወዝ የተቀበለበት ነገር ካለ ይዞ የአካባቢውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይጠይቅ። ጊዜ አያሳልፍ፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ የይርጋ ጊዜ አለው። በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ማመልከቻውን አዘጋጅለታለሁ። በነጻ።

(«ብታደርጉ» ላይ ግን አቋሜ እንዳለ ነው።)

የሌሊት ጥበቃ (ኮዬ ፈጬ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሲነጋ እደውልለታለሁ። አሁን ቢደወል ይደነግጣል።

ልጅ (ለገጣፎ)

ጋሼ መምህር፣ ስለ ፎርማሊቲው ተቀብያለሁ። ዘፍጥረት 18ን አሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ ነገር አልገባኝም። 10 ላይ ለምን አቆመ? እግዚአብሔር እኮ እምቢ አላለውም። ወደ 5፣ ወደ 1 ቢያወርደውስ?

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)

ይሄን ተማሪዎቼም ይጠይቁኝ ነበር። ለምን እንዳቆመ አልተጻፈም። ግን ምዕራፍ 19፥29ን እይ። ከተሞቹ ሲጠፉ እግዚአብሔር አብርሃምን አሰበው፣ ሎጥንም ከጥፋት መካከል አወጣው ይላል። አብርሃም ሲከራከር የሎጥን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራም፤ ከላይ እስከ ታች ፈልገው። የወንድሙ ልጅ እዚያ ከተማ እንዳለ ያውቃል። አልተናገረውም። ተሰምቶለታል ግን።

ልጅ (ለገጣፎ)

እውነትም አልጠራውም! ፈለግኩት፣ የለም። ጋሼ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ሃይገር ልገባ ነው። ስለ ሎጥ ሚስት የምጠይቅዎ አለኝ፣ ማታ እጽፋለሁ።